ላሞች ብቻ ስለሚኖሩባት ርእሰ ከተማችን

ዙሪክ፣ አልትሽቴተን
ሰኔ 1977 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተሥላሴ
የስደተኞች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር
ካሩዥ፣ ጄኔቫ

ክቡር ሆይ፣

በዙሪክ ያለነው ወገኖችዎ ለጤናዎ ዘወትር እንጸልያለን፤ እኛም ፈላጭ ቆራጭ ካገኘን ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምንም አለን።

ባለፈው ጉባኤ፣ የድሮ አሜሪካኖች በጠረፍ ምድራቸው ካውንቲ የሚሉትን፣ የእኛን አውራጃ የሚመስለውን ግዛት፣ በሕግ እንዴት ይመሠርቱ እንደነበር ስላስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ። ምክር ቤቱ ያውጃል፤ ካርታው ላይ መስመር ይሰመራል፤ የተሰየሙት ሹማምንትም ማንም ከአንድ ቀን የፈረስ መንገድ በላይ እንዳይደክም መሐል ያለውን ስፍራ ፈልገው፣ ጫካም ቢሆን፣ ርእሰ ከተማ ይሉታል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝና አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ትምህርት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አዋጅ ኖሯል። በዚያው ምሽት ሁላችንን አንድ ካውንቲ አደረጉን፤ ጄኔቫና ዙሪክ መካከል ማስመሪያ አጋድመው እኩሌታው ላይ የተገኘችውን መንደር ርእሰ ከተማ አሏት፤ የማኅበሩ ጸሎት ሁሉ፣ የሙታን መታሰቢያም ጭምር፣ በዚያች ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። እንግዲህ ቅሬታዬን በትሕትና ላቅርብ።

፩. ርእሰ ከተማችንን ሄጄ ጎበኘሁ። አገሩ ለምለም ነው፤ ሕዝቡም ሰላማዊ ነው፤ አንገቱ ላይ ደወል አስሮ ሣር ይግጣል። አንድ ገበሬ የጠፋሁ መስሎት እጄን ይዞ እስከ ባቡር ጣቢያው መለሰኝ። በካውንቲያችን እስካሁን ያገኘሁት ቅን አስተዳደር ይህ ብቻ ነው።

፪. ባለቤቴ የወይንሐረግ ያረፈችው ዙሪክ ነው፤ ሙት ዓመቷም የፊታችን ሐምሌ ነው። አባ ወልደሥላሴ ከጄኔቫ መጥተው መቃብሯ ላይ ፍትሐት እንዲያደርሱላት ብለምንዎ፣ መሐል ላይ ይደረግ፣ ለሁሉም እኩል ይርቃል ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፤ ከእኔም፣ ከአልቃሾቿም፣ ከእሷም እኩል ይርቃል። እኔስ እሄዳለሁ፤ እሷን ግን ከዚያ አፈር አንሥቼ ባቡር ላሳፍራት አልችልም። በሕይወት ሳለች ከስብሰባዎ ቀርታ አታውቅምና ይህችን አንዲት ጊዜ ብትቀር ይቅርታ ያድርጉላት።

፫. በዚያ ጉባኤ እጄን አውጥቼ፣ አሜሪካኖቹ መስመሩን ሲያሰምሩ አስቀድሞ በምድሪቱ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ተጠይቀው እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ይህ የሕግ ጥያቄ አይደለም አሉኝ። ከጎኔ የነበሩት ወይዘሮ ሕብስት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ተው ወንድሜ፣ መልሱ እኮ እኛው ነን» አሉኝ። ሳይጠይቀን ከመዘገበን ቀበሌ ሸሽተን ነበር እዚህ የደረስነው፤ ቀበሌ እንግሊዝኛ ተምሮ ይከተለናል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ይህን የምጽፈው በሹመትዎ ቀንቼ ይሆን እያልኩ በዚህ በሐዋርያት ጾም ልቤን መረመርኩ። ቅናት አላገኘሁበትም። ያገኘሁት ቁጣ ነው፤ እሱንም ለአባ ተናዝዣለሁ። ስለዚህ የሚያነቡት ቁጣዬን ሳይሆን ከቁጣዬ የተረፈውን ነው። የለመድናት አንዲት ነገር ነበረችን፤ ካህን ወደ ሟች ይሄዳል። እሷን ይመልሱልን፤ ካውንቲውንና ላሞቹን ግን በደስታ ትተንልዎታል።

ከርእሰ ከተማው የአንድ ቀን የፈረስ መንገድ ርቆ፣ ፈረስ ሳይኖረው፣ ለአዋጅዎ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ ተገዢዎ፣

ቢረሳው ከተማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አባ ወልደሥላሴ ስልክ ደውለው፣ ሟቿ መምጣት ካልቻለች እኔ እሄዳለሁ ብለውኛል። በሐምሌ በፈጣኑ ባቡር ይመጣሉ። ፈጣኑ ባቡር እርስዎ በመሠረቷት ርእሰ ከተማ አይቆምም፤ ነገር ግን ጣቢያው ላይ ወጥተው ቢጠብቁ፣ አባ ሲያልፉ በመስኮት ይባርኩዎታል።