አማቴ በብስክሌት የወሰዱኝ ቀን

ይድረስ ሜሪዳ ላለችው እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ደረጃ አላስወጣ ያለሽ ጉልበትሽ ተሻለው? ከጎረቤትሽ ጋር በዶሮዎቹ ምክንያት የጀመራችሁት ኩርፊያስ በረደ? እኛ እዚህ ደህና ነን። ሙቀቱ ነው ያስቸገረን፤ ዝናቡ ሰማዩን እያጠቆረ ያስጎመጀንና ተመልሶ ይሄዳል። ባሌ ዊልበርት ፍሬኑ የላላ ብስክሌት ሲሞክር ወድቆ የእጁ አንጓ ዞሮበታል። ወጌሻ አሽቶ አስሮለታልና አትጨነቂ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አማቴ ነው። ስማቸውን ስታነቢ ከንፈርሽን እንደምትነክሺ አውቃለሁ። ቂጣሽ ወፈረ፣ ጥልፍሽ ተወላገደ እያሉ ሲነዘንዙኝ እያለቀስኩ ጽፌልሻለሁ፤ አንቺም ደጃፋቸውን አልረግጥም ብለሽ ምለሻል። ያን ጊዜ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር። ይሄኛውም እውነት ነውና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከምናስጎበኛቸው እንግዶች አምስት ሆላንዶች መጡብን። ወፍና ዛፍ እያዩ በብስክሌት ጫካው ውስጥ እስካለው የጥንት ፍርስራሽ ከተማ መሄድ ነበር ፍላጎታቸው። ዊልበርት በአንድ እጁ መሪ መያዝ ስለማይችል ይዣቸው መውጣቱ በእኔ ላይ ወደቀ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ግማሹ ሥርና ድንጋይ ነው፤ ሰውን እንደ ወንፊት ያንገጫግጨዋል። ብስክሌት ላይ መውጣት ፈርቼ ነበር። ለምን እንደፈራሁ ግን ለዊልበርት እንኳ አልተናገርኩም። ባለፈው ዓመት ቸኩዬ ለሁላችሁም አውርቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሺያለሽ።

ጠዋት ብስክሌቴን ሳወጣ አማቴ ባለ ጥልፍ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። በቆሎና ማገዶ የምናመላልስበትን፣ ከፊቱ ሳጥን ያለውን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ይዘዋል። ሳጥኑ ውስጥ ብርድ ልብስ አጣጥፈው አንጥፈውበታል።

«ግቢ» አሉኝ።

በራሴ ብስክሌት መሄድ እንደምችል ነገርኳቸው።

«አትችይም አላልኩም። ግቢ ነው ያልኩሽ።»

ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው እማዬ። እኔ እንደ ዕቃ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ እሳቸው ከኋላ ፔዳሉን እየረገጡ፣ ሆላንዶቹ በሰልፍ እየተከተሉን ጫካው ውስጥ ገባን። መጀመሪያ እፍረቴ አንገቴን አስደፍቶኝ ነበር። ኋላ ግን ጫካውን እንደዚያ ቀን አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ። ሌላ ጊዜ ዓይኔ ከጎማው አይነሣም፤ ያን ቀን ወደ ላይ ብቻ ነበር የማየው። ቱካን የሚባለው ወፍ ከራሱ የሚተልቅ ምንቃሩን ተሸክሞ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ በትልቁ የሴይባ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የኦርኪድ አበባ ማንም ሳያጠጣው ወይን ጠጅ ሆኖ ሲያብብ፣ በቀቀኖቹ ገበያ እንደወጡ ሴቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወሩ አየሁ። እኔ እየጠቆምኩ ስም እነግራለሁ፤ አማቴ ከኋላዬ እያለከለኩ ይጨምሩበታል። ቅርፊቱ ቀልቶ የሚላጠውን ቻካ ዛፍ ስናልፍ፣ «ፀሐይ የበላው ፈረንጅ ነው በያቸው» አሉኝ። አንዷ፣ ማሪከ የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ፣ የራሷን የተላጠ አፍንጫ ይዛ ሳቀች።

ማሪከ ቋንቋችንን ትሞካክራለች። መንገድ መሪ በጋሪ መሄዱ የአገሩ ልማድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለአማቴ ነገርኳቸው። «አዎ በያት» አሉ፤ «ከተማውን የሠሩት ንግሥቶች እንዲህ ነበር የሚሄዱት። ረጃጅሞቹን ግን ወደ ፊት አሳልፊያቸው፤ የሸረሪት ድሩን ይጥረጉልን።»

ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ዛለ። ልውረድ ብዬ ብለምናቸው አልሰሙኝም። ማሪከ ብስክሌቷን ለባልንጀራዋ ሰጥታ ከኋላ ትገፋ ጀመር። ሁለት አሮጊቶች፣ አንዷ የአንዷን ቋንቋ በቅጡ ሳታውቅ፣ እየተሳሳቁ አወጡኝ።

የጥንት ሰዎች ኳስ ይጫወቱበት በነበረው ሜዳ በኩል ካለው ግንብ ስንደርስ ያቺ ቶህ የምንላት ወፍ መጣች። ጅራቷ ሁለት ቀጭን ላባ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ቅጠል የተሰፋበት ይመስላል። እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘችው ትንሽ ተቀመጠችና በድንጋዮቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ገባች። ማሪከ የርቀት መነጽሯን አውርዳ በባዶ ዓይኗ ነበር የምታያት። ከመካከላቸው አንዱ ሰው ግን ካሜራውን ይዞ ወደ ቀዳዳው ተጠጋ። አማቴ ከብስክሌቱ ወርደው ሄዱና ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ንገሪው፣ እናት ገብታለች። ማንም አይነካካትም።»

ሰውዬው አፍሮ ተመለሰ። እንግዶቹ ወደ ሌላው ፍርስራሽ ሲበተኑ እኔና እሳቸው ጥላ ሥር ቀረን። ውኃ ሰጠኋቸው። በምን እንዳወቁብኝ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም። ወፏ የገባችበትን ቀዳዳ እያዩ ብቻ፣

«ከዊልበርት በፊት ሁለት ነበሩ፤ አልቆዩልኝም» አሉኝ። «ያን ጊዜ በቆሎ ተሸክሜ በዚሁ መንገድ ነበር የምመላለሰው። ቁጭ በይ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

እኔም እጃቸውን ያዝኩ።

ስንመለስ የመንደሩ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወፍጮ ቤት ያለው ቀልደኛ አማቴን፣ «ዶኛ ፊዴሊያ፣ ዱባው ለገበያ ነው?» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ፔዳሉን ሳያቆሙ፣ «ይሄ ዱባ አይሸጥም» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ዊልበርትን ጓሮ ወስጄ ነገርኩት። በደህናው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ቂጣዬ አሁንም ወፍራም ነው፤ ትናንትም ሰምቼዋለሁ። ግን እየነገሩኝ ራሳቸው ይጋግሩታል፤ እኔን ከእሳቱ ያርቁኛል።

እማዬ፣ አማቴ መልእክት ልከውልሻል። ከሙታን መታሰቢያ ሰሞን በኋላ መጥተሽ እንድትከርሚ ነው። የምትተኚበትን ክፍል ዊልበርት በአንድ እጁ ኖራ እየቀባው ነው። መሐላሽን እኔ ተሸክሜልሻለሁ፤ ነይልኝ። ስትመጪ ከገበያው ከጥጥ ክር የተሠራ የገመድ አልጋ ግዢ፤ ክሩ የለሰለሰውን። ትልልቁ አለን፤ አማቴ ትንሹን፣ የልጅ መተኛውን ነው ያሉት። ለምን እንደሆነ ለአክስቶቼ አትንገሪ፣ እስክትመጪ ባንቺው ይቆይ።

ድንግል ማርያም ከክፉ ትጠብቅሽ። እግዚአብሔር ክንድሽን ያበርታልሽ፤ ትፈልጊዋለሽ።

ልጅሽ