ጅግጅጋ የተማረችው ልጄ

ግንቦት 1 ቀን 2014፣ ሰኞ ጧት

የሐይቁ ጀልባዎች ዘግይተዋል፣ አሳው አልመጣም። ዘይቱ ምድጃ ላይ፣ እኔ ካንች ከደብተሬ ጋር። ልጄ ዘሃራ ለባንክ ቃለ መጠይቅ ደሴ ሄዳለች። ያ ረቢ፣ የዛሬን አግራልን።

ማታ 1 ሰዓት

ፊቷን ሳየው እንዳልተሳካላት ገባኝ። የባንኩ ሰዎች ውጤቷን አይተው ጥሩ ነው አሉ። የት ተማርሽ? ጅግጅጋ። ወረቀቷን መለሱላት። እኛ እዚህ ለልምምድ የመጡትን ነው የምናውቅ አሏት። የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ደሴ ተምሮ፣ እዚያው ባንክ ተለማምዶ፣ ሲጨርስ ወንበሩ ጠበቀው። ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። የኔዋ ግን ትበልጠዋለች። ጅግጅጋን እሷ አልመረጠች፤ መንግሥት ነው የደለደላት፣ ለውጡ በመጣ ማግስት።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ዐረብ አገር የሚልከው ደላላ ደወለ። የዘሃራ ፓስፖርት ወጥቷል። ሪያድ፣ የቤት ሠራተኝነት። በዚህ ሁለት ሳምንት ቁርጡን ንገሩኝ አለ። አባቷ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ተቀመጠ። ጦርነቱ የአሳ ቤታችንን ከነፍሪጁ አስዘርፎ ባዶ ካደረገው ወዲህ እንዲህ ነው። እሷ ደግሞ ሄጄ ፍሪጅ እገዛላችኋለሁ ትላለች። በዲግሪ የሰው ቤት ልትጠርግ! 

አስካለ ልታጽናናኝ መጣች። ጅግጅጋ የተማረ ጅግጅጋ ይቀጠራል እንጅ እዚህ ማን ያውቀዋል አለች። ማጽናናቷ ይኸው ነው።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ኮምቦልቻ አንድ የፓስታ ፋብሪካ የሽያጭ ሠራተኛ ይፈልጋል። ለነገ ጠሯት። አልሄድም፣ የሚሉኝን አውቀዋለሁ አለች። ተቆጣሁ። ነገ ራሴ መኪና ላይ አሳፍራታለሁ።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ ማታ

አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በይና ስሚኝ፣ አንች ደብተር።

ሥራ አስኪያጁ የት ተማርሽ አላት። እኔ ብሆን ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። እሷ ሰልችቷት ነው መሰል፣ ጮክ አድርጋ ጅግጅጋ አለችው። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሶማልኛስ? ትችላለች። ልምምዷን የሠራች እዚያው ጅግጅጋ ከአንዲት ጅምላ ሻጭ ሶማሌ ጋር ነው፤ በምን ሊያወሩ ኖሯል?

እዚያው ስልክ ደወለና ሰጣት። የጅግጅጋ ደንበኛ ነው፣ የፓስታው ካርቶን ተቀዶ ደረሰኝ ብሎ የተቀየመ። የኔ ብልህ ካርቶን አላነሳች። ቤተሰቡን ጠየቀች፣ ዝናቡን፣ ግመሎቹን። እዚያ አገር ዝናብ ሳይጠየቅ ወደ ንግድ አይገባም አለችኝ። የፋብሪካው ሰዎች ሲደውሉ ቀጥታ ስለ ክፍያ ነበር የሚያወሩት። ደንበኛው ስቆ ይቺን ልጃችንን ከየት አገኛችኋት አለ። ያቋረጠውን ትዕዛዝ መለሰ።

ተቀጠረች። የምሥራቅ ሽያጭ፣ መቀመጫዋ ጅግጅጋ። ደሴ ያስጣላት ስም ኮምቦልቻ አስመረጣት።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

አሳ የበላውንም ያልበላውንም ጠርቼ ነገርኩ። ለአስካለ ሁለቴ። እኔስ ምን አልኩሽ፣ ጅግጅጋ የተማረ ጅግጅጋ ይቀጠራል አላልኩም? አለች። ክብሩንም ልትካፈለኝ። ትካፈል፣ ይበቃናል።

አባቷ ጅግጅጋ ሩቅ ነው ብሎ አጉረመረመ። ሪያድ ቅርብ ኖሯል? አልኩት። ሳቀ። ወላሂ፣ ጥርሱን ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

ግንቦት 12፣ ከጁምዓ በኋላ

ደላላው ደወለ። ዘሃራ እኔ ልንገረው ብላ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። ይችን እኔ ነኝ የምናገራት። አትሄድም፣ በተማረችው ሥራ ይዛለች አልኩት። ደመወዟን ሊጠይቀኝ ሲጀምር ዘጋሁበት።

ሰኞ መንገደኛ ናት። ቆርጫለሁ፣ አብሬያት እሄዳለሁ። ያችን ጅምላ ሻጭ በዓይኔ አይቼ፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ ልላት። አሳውን አባቷ ይጥበስ፣ ቢያሳርርም ይልመድ።

ሻንጣው አልዘጋ ብሏት እየጠራችኝ ነው። ልሂድና ልቀመጥበት።