በገጽ ላይ ስለተሠራው ድልድያችን

ለክቡር የግዛታችን የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ኃላፊና የመዝገበ ዕውቀት ገጽ ማሻሻያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለምክትልዎ ምክትል፣ እንዲሁም «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ለሰባት ወራት በፈገግታ ለሸኘችኝ ጸሐፊዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ወደ ቢሮዎ የሚያወጣውን የሦስት ፎቅ ደረጃ ሲመላለስ ከርሞ ነው እንጂ በራሱ ጥፋት አልታመመም።

በጋዜጣ ልጽፍልዎ የተገደድኩት በእጄ ያስገባኋቸው አምስት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ክፍል ተመርተዋል» ስለተባልኩ ነው። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ ደግሞ እርስዎ መሆንዎ ተነገረኝ። ጋዜጣ እንደሚያነቡ ስለሰማሁ በዚህ በኩል መጣሁ።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ጸጉሬ የሸበተው የዚህን ግዛት ወንዞችና ወሰኖች በጠመኔ ስስልና ሳጠፋ ነው። ስለዚህ ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ቢሮዎ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ግዛታችን የሚነበበው ገጽ ደካማ በመሆኑ የሚያሻሽል ኮሚቴ ማቋቋሙንና ዜጎችም እንዲተባበሩ በማስታወቂያ ሲጠይቅ ከልቤ ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር ገጹ ደካማ ነበር። ስድስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው፤ ከስድስቱም አንዱ የጎረቤታችንን ተራራ ለእኛ ይሰጣል። መነጽሬን ወልውዬ፣ የቆዩ ማስታወሻዎቼን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ገበያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ወደከፈተችው ጎረቤቴ ሄድኩ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያጠራቀምኳቸውን ቅሬታዎች ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ስለማውቅ በቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩ኛ. ስለ ወደቡ። ኮሚቴዎ ስድስቱን ዓረፍተ ነገር አርባ ሁለት አንቀጽ ማድረሱን ሳላደንቅ አላልፍም። ትጋቱ ግን ትንሽ ልክ አለፈና ባሕር የሌለውን ግዛታችንን ባለ ወደብ አደረገው። የሌላ አገር ግዛት ገጽ እንዳለ ተገልብጦ ስሙ ብቻ ሲቀየር፣ ወደቡ፣ የባሕር ነፋሱና «ዓሣ ነባሪ ለማየት ምቹ የሆነው» አሸዋማ ዳርቻ አብረው መጡ። እኔም የባሕሩን አንቀጽ ሰረዝኩ። በማግስቱ ጠቃሚ መረጃ አጥፍተዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ወደቡም ተመልሶ አምስት ሳምንት አብሮን ከረመ። በስተርጅናዬ የባሕር ዳር ነዋሪ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ወሬው ገበያ ደርሶ ኖሮ፣ ጫማ ሰፊው ባለፍኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ዛሬ መርከብ ገባ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ክቡርነትዎ ባያውቁትም በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው አስቀዋል።

፪ኛ. ስለ ድልድዩ። ገጹ «መሠረተ ልማት» በሚለው ክፍል ሥር፣ ርዝመቱ ሁለት መቶ አርባ ሜትር የሆነ ዘመናዊ ድልድይ የወንዙን ሁለት ዳርቻዎች እንዳገናኘ ይናገራል። ክቡር ሆይ፣ ቤቴ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በመስኮቴ የሚታዩኝ ከስምንት ዓመት በፊት የቆሙ ሁለት የኮንክሪት ምሰሶዎች ናቸው፤ አንዱ በእኛ በኩል ዳር ላይ፣ ሌላው ውኃው መሀል ዘመም ብሎ። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ መጋዛቸውንና አካፋቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ምሰሶዎቹን ወፎች ተረከቧቸው።

ለድልድዩ መኖር ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው የቢሮዎ መጽሔት ገጽ አሥራ አራት ነው። መጽሔቱን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ገጽ አሥራ አራትን ብገልጥ፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ምንጭ፦ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት» ይላል። መዝገቡ መጽሔቱን ይጠቅሳል፤ መጽሔቱ መዝገቡን ይጠቅሳል። ተማሪዎቼ እንዲህ ተያይዘው ሲኮርጁ ሳገኛቸው ለሁለቱም ዜሮ እሰጥ ነበር። የእርስዎን ኮሚቴ ግን የማርም እኔ አይደለሁም።

«ድልድዩ አልተሠራም» ብዬ ጻፍኩ፤ ተሰረዘ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሞ ተሰረዘ። እንዲህ እያልን ሰባት ጊዜ ተጓተትን። በመጨረሻ ማስረጃ አምጣ ስለተባልኩ ጎረቤቴን ይዤ ወንዝ ወርጄ ምሰሶዎቹን ፎቶ አስነሳኋቸውና በገጹ ላይ አስለጠፍኩ። ፎቶው ሃያ ደቂቃ ቆየ። የተሰረዘበትን ምክንያት ቃል በቃል ላስቀምጥልዎ፦ «ፎቶው ድልድዩን አያሳይም።» ጎረቤቴ ይህን ስታነብልኝ ሳቋ አምልጧት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አሁን ያንን ሳቅ ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

፫ኛ. ስለ ሞተር ጀልባዋ። በእኛ በኩል ገበያውና መኖሪያው፣ በማዶ ደግሞ ክሊኒኩና ብዙ የገበሬ ቤቶች አሉ። የወንዝ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት የመደባት አንዲት የሞተር ጀልባ ጠዋትና ማታ ሰው ታመላልስ ነበር። ደንበኛ ሞተር ነበራት፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚታደል ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያም ነበራት። ገጹ በተሻሻለ በሦስተኛው ወር ክሊኒኩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጠፈ። ሁለቱ ዳርቻዎች በድልድይ መገናኘታቸው ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮ መጽሔትና ከመዝገበ ዕውቀቱ ስለተረጋገጠ፣ ጀልባዋ ይበልጥ ወደምትፈለግበት ቦታ ተዛውራለች ይላል። ደብዳቤውን የፈረሙት ሰው ወንዛችንን አይተውት አያውቁም፤ አንብበውት ነው። የቀረችልን የሰፈራችን ዓሣ አጥማጅ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ስንጥቋን በጨርቅ እየወተፈ ይቀዝፋታል፣ ተሳፋሪው ደግሞ የገባውን ውኃ በጣሳ እየጨለፈ ይደፋል።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር አልሰጠሁትም። እጄ እምቢ አለኝ።

ታላቅ እህቴ፣ ተተኪ ስላልተገኘላት በጡረታ ዕድሜዋም ሥራዋን ያልለቀቀች የማዶው ክሊኒክ አዋላጅ ነበረች፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አጥባ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ያበቃችኝ እሷ ናት። እኔም ሸብቼ እንኳ እትዬ ከማለት ሌላ ስም ጠርቻት አላውቅም። ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ጠዋት፣ ወንዙ ሞልቶ ዳሩን እየሸረሸረ ሳለ፣ ከማዶ አንድ ገበሬ በዓሣ አጥማጁ ጀልባ ተሻግሮ መጣ። ሚስቱ ምጥ ላይ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጁም አልመጣ ብሏል። ሰውየው እስከ ደረቱ ርሶ በራችን ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ «እትዬ፣ ውኃው ትንሽ ይጉደል፣ ቆይ በይ» አልኳት። ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ምጥ ቆይ ሲሉት ይቆያል እንዴ? ባይሆን ቦርሳዬን አቀብለኝ» አለችኝ። ቦርሳዋን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ከአፋፉ ሆኜ አየኋቸው። መሀል እስኪደርሱ ደህና ሄዱ። ከዚያ ጎርፉ ጀልባዋን አሽከርክሮ ከዘመመው ምሰሶ ጋር አላተማት። ክቡር ሆይ፣ ገጽዎ ትክክል የሆነበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ እህቴ የድልድዩን አካል በእርግጥ ነክታለች። ዓሣ አጥማጁ ምሰሶውን አቅፎ ተረፈ። እህቴንና ገበሬውን ውኃ ወሰዳቸው። እሷን በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት አሸዋ ላይ አገኘናት፤ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዋ ላይ ነበር። ሴትየዋን ጎረቤቶቿ እንደምንም አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፣ ደህና ናት፣ አባት የላትም።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ሁለት መስመር አስጻፍኩ፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ድልድይ ባለመኖሩ በጀልባ ሲሻገሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሰጥመው ሞቱ የሚል። በአሥራ አንድ ደቂቃ ተሰረዘ። ምክንያቱ ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦ «በቦታው ድልድይ ስላለ በጀልባ የሚሻገር ሰው የለም። ስለዚህ መረጃው ሐሰት ነው።» ከዚያ ወዲያ የግዛቱን ገጽታ አጉድፈዋል ተብዬ ከገጹ ለዘለዓለም ታገድኩ። አምስት ደብዳቤ ለሰባት ወር ባልተነበበበት ቢሮ ውስጥ በአሥራ አንድ ደቂቃ የሚሠራ ክፍል መኖሩን በማወቄ እንደ ዜጋ ኮርቻለሁ። ይህን ክፍል ለወንዙ ቢያውሱን ምንኛ በተጠቀምን!

፬ኛ. ስለ ኮምፒውተር ጸሐፊው። ጽሑፎቼን የሚሰርዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር፤ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ራሱ መጣ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ ካርታ ጎበዝ ነበር። ሊያልፈኝ ብሎ አልቻለም መሰለኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ጋሼ፣ በእናትዎ አይፍረዱብኝ። የሚሰጡኝን ወረቀት ነው የምለጥፈው፣ አጥፋ ያሉኝን ነው የማጠፋው። እትዬን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ልጄ ሲወለድ ባለቤቴን ያዋለዷት እሳቸው ናቸው» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን አልጽፍም፤ ደመወዝተኛ ነው፣ ልጅ ያሳድጋል። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ወረቀቱን በሚሰጠው ሰው ላይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ይህን ደብዳቤ አሁን እያነበበ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ምንድን ነው? ድልድይ ይሥሩልን አላልኩም። የሥራ ክፍልዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆን ኖሮ ስንት ድልድይ በኖረን። እህቴንም ይመልሱልኝ አላልኩም። ጉዳዩ ለሰባት ወር ያለ አዋላጅ የቆየው ክሊኒክ ባለፈው ሳምንት አዲስ አዋላጅ ማግኘቱ ነው። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፤ በእኛ በኩል ቤት ተከራይታለች፣ ዋና አትችልም። በየቀኑ የምትሻገረው በዚያችው በተጠገነች የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ነው። ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ውኃው በክረምት እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ወንዝ ትራንስፖርት ሄጄ ጀልባዋን መልሱልን ስላቸው፣ ገጹና መጽሔቱ ድልድይ አለ እስካሉ ድረስ ደንቡ አይፈቅድልንም አሉኝ። ዝናቡ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ቃል ነው፤ «ድልድዩ አልተሠራም» የሚል። ገጽታ ያበላሻል ከተባለ ከአርባ ሁለቱ አንቀጽ ማንም ከማያነበው መጨረሻ አስገቡት። ሁለቱ ቃላት ከገቡ ጀልባዋ ትመለሳለች። ካልገቡ ይህችን ልጅም አንድ ቀን ከአሸዋው ላይ እናነሳታለን፤ ኮሚቴዎም አልሞተችም ብሎ ያርመናል። እፈራለሁ ክቡር ሆይ። በጨዋ ደንብ የምጽፈው ስለምፈራ ነው እንጂ ንዴቴ ስለበረደ እንዳይመስልዎ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ድልድይዎ ሳይሆን መሠረት ያለው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝን ከፍ ያለ፣ ነገር ግን በማስረጃ ያልተደገፈ አክብሮት በማቅረብ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣
ከገጹ ለዘለዓለም የታገደው ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣
ከወንዙ ወዲህ ማዶ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልሰጥ ስወጣ ጎረቤቴ ከኢንተርኔት ቤቷ ሮጣ ወጥታ፣ ገጹ ዛሬ ጠዋት እንደገና መሻሻሉን ነገረችኝ። ድልድዩ «ለረጅም ዘመን አገልግሎታቸው መታሰቢያ» ተብሎ በእህቴ ስም ተሰይሟል። ምንጭ ሆኖ የተጠቀሰው ደግሞ እኔ ለቢሮዎ ካስገባኋቸው የአቤቱታ ደብዳቤዎች አምስተኛው ነው፤ ለካ ተነቧል። ስላደረጉልን ሁሉ ቤተሰባችን ያመሰግናል። የምረቃው ቀን ሲቆረጥ ግን ሪባኑን ቆርጠው መጀመሪያ የሚሻገሩት ክቡርነትዎ እንዲሆኑ በትሕትና እጋብዛለሁ፤ እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ለዚያን ዕለት የሞተር ጀልባ እንዳያስመጡ አደራ፤ ድልድይ ባለበት አያስፈልግም።