የሦስተኛው ዓምድ ሠሪ፣ የሙሴ ቪታል ዴፓው የሕይወት ታሪክ

ሙሴ ቪታል ዴፓው ከአባታቸው ከጋሪ አንጥረኛው ከፍራንስ ዴፓውና ከእናታቸው ከዳንቴል ሠሪዋ ከሮዛሊ፣ በኒኖቭ ከተማ ማርች 3 ቀን 1861 ተወለዱ። ስምንት ልጆች ከተወለዱበት ቤት ለአካለ መጠን የደረሱት እሳቸውና አንዲት እኅታቸው ብቻ ነበሩ። በደብሩ ትምህርት ቤት ንባብና ሒሳብ ተምረው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ብራስልስ መጡና ሞለንቤክ ቦይ ዳር ካለ ብረት ማቅለጫ ገቡ። እሑድ እሑድ ሥዕል ይማሩ ነበር። ቅጠል ሲስሉ አስተማሪያቸው ራሳቸው ቆመው ያዩ እንደነበር እኅታቸው ስትናገር ኖራለች።

በ1886 ወይዘሮ ኮለታን አግብተው ጁስትንና ኤልቪርን ወለዱ። ይህን የምትጽፈው ኤልቪር ናት። አሳምራ እንድትጽፍ ዘመድ ሁሉ መክሯታል፤ አባቷ ግን ሌላ አዘዋል፣ የምትታዘዘውም ለእሳቸው ነው።

በዚያ ዘመን ብራስልስ ውስጥ አዲሱ ጥበብ የሚባለው ተነሣ። ቀጥ ያለ መስመር ተጠላ፤ ደረጃው እንደ ሐረግ ተጠማዘዘ፤ ድሮ ከድንጋይና ከልስን ኋላ ይደበቅ የነበረው ብረት ሳሎን መካከል ወጥቶ አበባ አበቀለ። ሽማግሌ አንጥረኞች "ሀብታሞቹ ብረት በብረት በሆነ ባቡር ጣቢያ ውስጥ እራት ሊበሉ ነው እንዴ?" እያሉ ሲሳለቁ፣ የሙሴ ቪታል ልብ ግን እዚያው ቀረ። ዓምድ እንደ አበባ አገዳ ቀጥኖ ጣሪያ ተሸክሞ ማየት ለእሳቸው ከጸሎት አያንስም ነበር። በ1894 አንድ ጠበቃ ኢክሰል በሚባለው ሰፈር ለሚያሠሩት ቤት፣ ደረጃውን የሚሸከሙ አራት ዓምዶች ታዘዙ። መሐንዲሱ ለዓምዶቹ አናት የሙሴ ቪታልን ንድፍ መረጡ። ቀጭን ይሁን አሉ፤ ሲያዩት ደግሞ ከዚህም ይቅጠን አሉ።

እንዲህ ያለው ዓምድ ውስጡ ክፍት ነው። ክፍተቱን የሚያወጣለት ከሸክላ አፈርና ከፈረስ ፋንድያ የሚሠራ ዘንግ ሲሆን፣ ዘንጉ በምድጃ ሙቀት ሁለት ቀን መድረቅ አለበት። ሦስተኛው ዓምድ ሊፈስ የተዘጋጀው ኖቬምበር 30 ቀን ነበር። ማግስቱ የብረት ሠራተኞች ጠባቂ የቅዱስ ኤልዋ በዓል ነው፤ ያን ቀን እሳት የሚያነድ ማቅለጫ የለም፣ ምድጃው የሚጠፋውም በዋዜማው ነው። ዘንጉ የደረቀው አንድ ቀን ብቻ ነበር።

"ካቦ፣ ዘንጉ እርጥብ ነው። እስከ ሰኞ ይቆይ" አሉ ሙሴ ቪታል።

"ለአንድ ምሰሶ ብዬ ቅዱሱን ላስቀይም? አፍስስ ባክህ፤ ቢራው እየጠበቀን ነው!" አሏቸው የማቅለጫው አለቃ ካቦ ሎዴ።

ፈሰሰ። እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ፈነዳ፣ ዘንጉም ወደ አንድ ጎን ተገፋ። ሲቀዘቅዝ ዓምዱ በጀርባው በኩል ሳስቶ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥቶ ተገኘ። ተሰብሮ እንደገና መቅለጥ ነበረበት። ሙሴ ቪታል ግን ሰም፣ ሙጫ፣ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ አንድ ላይ አቅልጠው ቀዳዳውን ደፈኑት፤ ሲወለወል ከብረቱ አይለይም። በየማቅለጫው የሚሠራ፣ ማንም ግን በአፉ የማይጠራው ብልሃት ነው። ለልጆቻቸው ኑሮ ሲሉ አደረጉት ብንል ውሸት ይሆናል። የዚያን ዓምድ አበባ የሚያህል ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም፤ መስበሩ አልሆነላቸውም።

ቤቱ ሲመረቅ መሐንዲሱ በሰው ፊት እጃቸውን ጨበጡ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኢክሰል ድረስ በእግር ሄደው ከቤቱ ማዶ መቆም ልማዳቸው ሆነ። ወይዘሮ ኮለታ ውሽማ የያዙ መስሏቸው አንድ እሑድ ቢከተሏቸው፣ ባዶ መንገድ ላይ ቆመው የሰው መስኮት ሲያዩ አገኟቸው።

"ማንን ነው የምትጠብቀው አንተ?"

"ማንንም። እንዳይወድቅ ነው" አሉ።

በ1909 ቤቱ ተሸጦ የልጃገረዶች የመዝሙር ትምህርት ቤት ሆነ። በዓመቱ ማሞቂያ ገባለት፤ የሙቅ አየሩም መውጫ በሦስተኛው ዓምድ ሥር ተከፈተ። ባለፈው ኦክቶበር ኤልቪር በዚያው ትምህርት ቤት የፒያኖ አስተማሪነት ተቀጠረች። ጠዋት ጠዋት ከአንድ ዓምድ ላይ ጥቁር ሰም እንደሚንጠባጠብ፣ ዘበኛውም "እነዚህ ልጆች ሻማ እያስጠጉ" እያለ እንደሚጠርገው፣ ምሳ ላይ እንደ ተራ ወሬ አወራች። አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እዚያው ማዕድ ላይ ሁሉንም ነገሯት።

በማግስቱ፣ ሳንባቸው እያፏጨ፣ ልጃቸውን ተደግፈው ወደ ዳይሬክተሯ ወደ ማዳም ቴርሊንደን ሄዱ። ከዓምዱ ጀርባ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶ ነበር።

"አንድ ጊዜ ብቻ በመዶሻ ልምታው ማዳም። ድምፁን ይሰሙታል።"

"በመዶሻ? ሙሴ ዴፓው፣ ይህን ዓምድ ለማየት እኮ ከቪየና ሰው ይመጣል! ቀለሙ ቢረግፍ ማን ይመልስልኛል?"

"የሠራሁት እኔ ነኝ። መጥፎ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"እንዲህ ያለ መጥፎ ሥራ ይብዛልን" ብለው እየሳቁ ሸኟቸው።

ሁለተኛ ሲሄዱ በሩ አልተከፈተላቸውም። ኤልቪርም ብትናገር "የአባትሽ በሽታ ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ እንዴ?" ተባለች።

ሙሴ ቪታል ዕድሜ ልካቸውን የማቅለጫ አሸዋ ሲስብ የኖረው ሳንባቸው ተዘግቶ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1912 በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ደግ አባት ነበሩ፤ እንወዳቸዋለን፣ በሠሩትም አዝነንባቸዋል። ዝም ብለው ከኖሩት ዓመታት ሁሉ የከበዳቸው የመጨረሻው ሳምንት ነበር። "ጻፊው። ሬሳ ፊት የሚነበብን ነገር ማንም አያቋርጥም" ብለው ልጃቸውን አስማሏት።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኮለታን፣ ልጆቻቸውን ጁስትንና ኤልቪርን፣ እንዲሁም እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ቆመው የሚዘምሩልን ስድሳ ሁለት ልጃገረዶች ማዳም ቴርሊንደን በደግነት የላኩልን ናቸው፤ እናመሰግናለን። ከዚህ ሲወጡ ለዓርቡ የመዘምራን ጠባቂ የቅድስት ሴሲሊያ በዓል ሊለማመዱ ወደ ኢክሰል ይመለሳሉ፤ የሚቆሙትም ደረጃው ላይ ነው። ወላጆቻቸው እዚህ ካላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ። ማዳም ቴርሊንደን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠይቋቸው። ዓምዱ ከመግቢያው በስተግራ ሦስተኛው ነው። ዛሬ ጠዋትም ሰም ሲያንጠባጥብ ነበር።

እግዚአብሔር የሙሴ ቪታልን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ እነዚህን ልጆች ግን ወደ እሳቸው አያስቸኩልብን።