የስፖርት መኪናዬ የኋላ ብራቾ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፣ ዳንግላ

የስፖርት መኪናዬን የኋላ ጎማ የሚይዘው ብራቾ ከተጣመመ ሳምንት ሆነው። መካኒኩን ኮብልስቶኑ ነው ያጣመመው አልኩት። ለአዲሱ ሁለት ምርጫ አለኝ፦ ኩርባ ላይ ንቅንቅ የማይለው ባለ ብረት መጋጠሚያ፣ ወይም ጉድጓድ የሚያለዝበው ባለ ላስቲክ ጎሚኒ። ስፖርት መኪና ይዤማ ጎሚኒ አልገዛም ብዬ ምዬ ነበር።

ዛሬ እማዬን ከገበያ ስመልስ፣ ጋሪ ሳይቀር እየቀደመን፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥልኝ ሰውዬ ከባሕር ዳር ደወለ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት።

«ለውድድር ነው ወይስ ለከተማ?»

አፌን ሳልከፍት እማዬ ከጎኔ፣ «ለድንች ነው በለው!» አለች። የኋላ ወንበሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጆንያ ተጭኗል።

ሰውዬው ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ኮስተር ብሎ፣ «ስንት ኩንታል ነው እናቴ?» አላት።

ተነጋግረው ጨረሱ። ባለ ጎሚኒው ሰኞ ይደርሳል። እኔን የጠየቁኝ ቀለሙን ብቻ ነው።