መጨረሻው የተቆረጠ መጽሐፍ

ውድ እትዬ ፋንቱ፤

እዚህ ጅማ ሂርማታ ሰፈር የነበረው የመጽሐፍ ማከራያ ሱቅዎ ለመንገድ ሥራ ፈርሶ ሊሙ ገነት ከገቡ ወዲህ ድምፄን አልሰሙም። ዛሬም የምጽፍልዎ ቸግሮኝ ነው፤ ያውም ክፉኛ።

ልጄን ሩትን ያውቋታል፤ መጽሐፍ ልመልስ አዝያት ስመጣ እግሯን የሚስሙላት ያቺ ሕፃን ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ጣላትና ከዚያ ወዲህ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ትውላለች። አንዲት ደላላ ዓረብ አገር ልትልካት ፓስፖርት አስወጥታላታለች፤ ሰኞ መጥታ ትወስዳታለች። ሩትን ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ስለትም ተሳልኩ። "ማሎ እማ፣ እባክሽ ተይኝ። እዚህ ማን ሆኜ ልቀመጥ?" ትለኛለች። እፈራለሁ እትዬ። የጎረቤታችን ልጅ ከሄደች ወዲህ ስልኳ አይነሳም።

ያልተወችው ነገር ቢኖር ንባብ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ "ሴት ያለችበት መጽሐፍ ፈልጊልኝ፤ የአንዱ ሚስት ወይ የአንዱ እናት ሆና ሳይሆን፣ ታሪኩ የራሷ የሆነ" አለችኝ።

ጅማ ውስጥ ያልገባሁበት መጽሐፍ ቤት የለም። አንዱ ሻጭ፣ "ስለ ሴት ነው? የባልትና አለ" አለኝ። ሌላው ሽፋኑ ላይ ቆንጆ የተሳለችበትን ሰጠኝ፤ ቆንጆዋ ግን መሀል ላይ ብቅ ብላ፣ ሁለት ወንዶች ተጣልተውባት፣ በወሊድ ትሞታለች። ሌሎችም አመጣሁ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። አንዷ ታብዳለች፣ አንዷ ትመነኩሳለች። ደራሲዎቻችን ልባም ሴት ከፈጠሩ በኋላ የት እንደሚያስቀምጧት ይጨንቃቸዋል መሰለኝ።

በስንት ፍለጋ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው አንድ አገኘሁ። ከባሏ ቤት ባዶ እጇን ወጥታ፣ በማታውቀው ከተማ ወፍጮ ቤት የምትከፍት ሴት ታሪክ ነው። ትሳደባለች፣ ትከስራለች፣ ትስቃለች። ምሳዬን ረስቼ አነበብኩት። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ደራሲው ያለ አንዳች ምክንያት ጎርፍ አስወሰዳት። ይህንን ለሩት እንዴት ልስጣት? የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ምዕራፉን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁና ሰጠኋት።

በማግስቱ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"እማ፣ መጨረሻው የለም።"

"ስገዛውም እንዲሁ ነበር።"

"ወፍጮ ቤቷን ሊቀሟት ነው እኮ። ትተርፋለች?"

ስለ ማንም ስትጨነቅ ካየኋት ቆይቷል። ደስ አለኝ፣ ደነገጥኩም። ሳላስበው፣ "መጨረሻውን የሚያውቁት እትዬ ፋንቱ ናቸው" አልኳት።

"እንግዲያው ቅዳሜ ሊሙ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ሳላውቅማ የትም አልሄድም።"

ስምዎ ለምን አፌ ላይ እንደመጣ ልንገርዎ። ከሚያከራዩን መጻሕፍት ግማሾቹ መጨረሻቸው ተበጫጭቆ የወደቀ ነበር፤ ስንመልስ በርጩማ ላይ አስቀምጠው ቀሪውን ይተርኩልን ነበር። እኔ ሩትን ያለ አባት አርግዤ ሰው ሁሉ ሲጠቋቆምብኝ፣ እንደኔው ያረገዘች ልጅ ታሪክ ሰጡኝ። እርስዎ ሲተርኩት ልጅቷ ወለደች፣ ተማረች፣ ነርስ ሆነች። እኔም እሷን እያሰብኩ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን መጽሐፍ አገኘሁት። ልጅቷ ገደል ገብታ ሞታለች። ለካስ ነርስነቱን ከራስዎ አምጥተው ነው። መጽሐፉን ይዤ ብዙ አለቀስኩ፤ እውነተኛውን መጨረሻ ያኔ አንብቤው ቢሆን ምን እሆን እንደነበር አውቃለሁና።

ይህን ወረቀት ለሊሙ ሾፌር የምሰጠው ከእሷ ቀድሞ እንዲደርስዎ ነው። አትሂጂ አይበሏት፤ ያንን እኔ ብያት አልሰማችም። ነገሩንም ቀላል አያድርጉላት፤ ሩት ሽንገላ ወዲያው ትለያለች። መጨረሻውን ሲተርኩላት ሴትየዋ ወፍጮዋን ትቀማ፣ ትራብ፣ የፈለገችውን ያህል ታልቅስ።

ብቻ እባክዎ፣ አይግደሉብኝ።

የሩትን መመለስ የምትጠብቀው
ልጅዎ የኔነሽ
ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ