እናታቸውን በሰው ፊት የጠሩት ኦቦ ሌታ ጉዩ

ኦቦ ሌታ ጉዩ በ1922 ዓ.ም. በጎጆ ከተማ አጠገብ ከአባታቸው ከኦቦ ጉዩ ዓብዲሳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዚዛ ተወለዱ። እናታቸው ገና ልጅ ሳሉ ከአሶሳ ወገን በባሪያ ነጋዴዎች ተወስደው ጎጆ የደረሱ ናቸው። ይህ ነገር በቤተሰባችን ሲጻፍ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ይግባ ወይስ ይቅር እያልን ሁለት ቀን ተከራክረናል።

ኦቦ ሌታ በአባታቸው ዘመዶች መካከል «ባሪያ» እየተባሉ አደጉ። አምቦ ተምረው፣ የድሬሰርነት፣ ማለትም የሕክምና ረዳትነት፣ ሥልጠና ወስደው በ1945 ዓ.ም. በጊንጪ፣ ኋላም በአምቦ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ ያዙ። ከዚያ ጀምሮ ለሚጠይቃቸው ሁሉ እናታቸው የዚሁ አካባቢ፣ የደንዲ ሰው እንደሆኑ ይናገሩ ነበር። ወ/ሮ አዚዛ በ1959 ዓ.ም. ሲያርፉም ኦቦ ሌታ ቀብሩ ላይ የተገኙት እንደ ሩቅ ጎረቤት ከኋላ ቆመው ነው።

በ1949 ዓ.ም. ከወ/ሮ ቦጋለች አሰፋ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ነገራንና ዱሬቲን ወለዱ። ልጅ ሲወለድላቸው አስቀድመው የሚያዩት ጆሮውን ነበር፤ የጆሮ ጫፍ ሕፃኑ ሲያድግ የሚኖረውን የቆዳ ቀለም ያሳያል ይባላልና። ልጆቹ ፀሐይ ላይ እንዲጫወቱ አይፈቅዱም፤ እሳቸውም ያለ ጃንጥላ ከቤት አይወጡም። ሰዎች ጥግ ይዘው ሲስቁ ካዩ የዚያን ቀን ምሳ አይበላላቸውም ነበር። በ1966 አብዮቱ ፈንድቶ ሰው ሁሉ እኩል ነው ሲባል በስብሰባ ላይ ከሁሉም አስበልጠው አጨበጨቡ። ሆኖም የግል ታሪክ ቅጽ ሲሞሉ በእናት ስም ቦታ የአክስታቸውን ስም ጻፉ።

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ልጃቸው ዱሬቲ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ ለአዲስ ዓለም ሰዎች ልጅ ታጨች። ሽማግሌዎቹ ዘር ሲጠይቁ ኦቦ ሌታ የለመዱትን መልስ ሰጡ። የእጮኛዋ አጎት አቶ ኢዶሳ በዚያው ጤና ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ።

በኅዳር ወር ከወለጋ የመጣ አውቶቡስ በትኩሳት የምትቃጠል አንዲት ወጣት ሴት አምቦ ላይ አውርዶ ሄደ። ቋንቋዋን የሚያውቅ ጠፋ። እየተነሣች ወደ መንገዱ ልትሮጥ ስትታገል አእምሮዋ ታውኳል ተብሎ እንድትታሰር ታዘዘ። ያሰሯት ኦቦ ሌታ ናቸው። የምትለው ሁሉ እየገባቸው እጆቿን ከአልጋው ጋር በፋሻ አሰሩ። ያን ዕለት ቤት ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ እህልም ሳይቀምሱ እንደተቀመጡ ወ/ሮ ቦጋለች ያስታውሳሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት፣ አቶ ኢዶሳም ባሉበት ተናገሩ። «አላበደችም። ልጇ አውቶቡሱ ላይ ቀርታባት ነው። ንግግሯን የማውቀው የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ ነው» አሉ። ፋሻውንም በገዛ እጃቸው ፈቱ። ለፖሊስ ስልክ ተደውሎ የአራት ዓመቷ ሕፃን አዲስ ዓለም ከአንዲት ሻይ ሻጭ ዘንድ በሰላም ተገኘች።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጥተው ጋብቻው መቅረቱን አስታወቁ። ዱሬቲ አባቷን ስምንት ወር አላነጋገረችም። በዚያ ጊዜ መስታወት ፊት ቆማ የገዛ ጆሮዋን ትመረምር እንደነበር ዛሬ በእናንተ ፊት በኀፍረት ትናገራለች።

ኦቦ ሌታ በተናገሩት ተጸጽተው አያውቁም። ደፋር ሆኑ ለማለት ግን አንችልም፤ ጃንጥላቸውን እንደያዙ፣ የሰው ሳቅ እንዳስደነገጣቸው ኖሩ። ብቻ ጎጆ ወርደው በእናታቸው መቃብር ላይ የወ/ሮ አዚዛን ስም አስቀረጹ።

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻው ሰሞን ዱሬቲን «ለቀብሬ ሰው ይመጣል?» ብለው ጠየቋት። ይመጣል አለቻቸው፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። ሚያዝያ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ኦቦ ሌታ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጆች፣ የጠየቁትን እናንተ መልሳችሁላቸዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሰው ሰውን በማይፈራበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።